የቤት ውስጥ በረዶ መሥሪያን በንጽሕና ስለመያዝ፦ ከውሃ ማጠራቀሚያው እስከ ብርጭቆው

መግቢያ

በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የሚጠጡትን ውሃ በጥንቃቄ ያዘጋጃሉ። አፍልተው ያቀዘቅዛሉ፤ ወይም በክሎሪን ያክማሉ፤ በክዳን ባለው ዕቃም ያስቀምጣሉ። በሞቃት ቀን እንግዳ ሲመጣ ግን ይህን በድካም የተዘጋጀ ውሃ በብርጭቆ ይቀዱና ከማቀዝቀዣው ያወጡትን በረዶ ይጨምሩበታል። በረዶው የተሠራው ካልታከመ ውሃ ከሆነ ወይም መሥሪያው ለወራት ካልታጠበ ከብርጭቆው የሚጠጣው ሰው የሚያገኘው የታከመውን ውሃ ብቻ አይደለም። ጥንቃቄው በመጨረሻዋ ደቂቃ ፈርሷል ማለት ነው።

በረዶ መሥሪያ ሲባል በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጠው ተራ የፕላስቲክ መደርደሪያ ጀምሮ ከቧንቧ ጋር ተገናኝቶ በራሱ በረዶ እስከሚሠራው ማቀዝቀዣና በጠረጴዛ ላይ እስከሚቀመጠው አነስተኛ ማሽን ድረስ ያጠቃልላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ መሣሪያዎች የሚቆሽሹበትን ምክንያት፣ የሚጸዱበትን ሥርዓትና ለበረዶ የሚውለው ውሃ አስቀድሞ ሊደረግለት የሚገባውን ሕክምና በየካና በእንጦጦ ግርጌ ካለው ነባራዊ ሁኔታ ጋር አያይዞ ማስረዳት ነው።

በረዶ ምግብ ነው

በኅብረተሰቡ ዘንድ በስፋት ከሚታዩ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች አንዱ ቅዝቃዜ ጀርሞችን ይገድላል የሚለው ነው። ቅዝቃዜ የአብዛኛዎቹን ተሕዋስያን መራባት ያዘገያል ወይም ያቆማል፤ ሁሉንም ግን አይገድልም። ውሃው ወደ በረዶነት ሲለወጥ የተወሰኑት ይሞታሉ፤ የቀሩት በረዶው ውስጥ ታሽገው ይቆያሉ፤ በረዶው በመጠጥ ውስጥ ሲቀልጥም ይነቃሉ። የሆድ ሕመም የሚያስከትሉ ቫይረሶች ደግሞ ቅዝቃዜን በተለይ ይቋቋማሉ። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ሙቀት ጭምር የሚራባ ሲሆን ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለፅንሳቸው፣ ለአረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች እጅግ አደገኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 በፔሩ የኮሌራ ወረርሽኝ በተከሰተበት ወቅት ከተደረጉት ማጣራቶች በአንዳንዶቹ በመንገድ ላይ የሚሸጥ በረዶ የተጨመረበት መጠጥ ከሕመሙ ጋር ተያያዥነት እንዳለው ተደርሶበታል። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአዲስ አበባ የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በሽታ በተከሰተበት ጊዜ ለነዋሪው በተደጋጋሚ የተላለፈው መልእክት ውሃን ማከም፣ እጅን መታጠብና ምግብን አብስሎ መመገብ ነበር። ውሃን ማከም ሲባል በረዶ የሚሠራበትንም ውሃ እንደሚጨምር መዘንጋት የለበትም። በአጭሩ በረዶ እንደ ማንኛውም ሳይበስል የሚበላ ምግብ ሊታይ ይገባዋል።

ውሃው ወደ ቤታችን እስኪደርስ

እንጦጦ ከአዲስ አበባ ውሃ ጋር ያለው ቁርኝት የቆየ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ እንዲወርድ አድርጓል። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በስተምዕራብ የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፣ በስተሰሜን ምሥራቅ በሰንዳፋ አቅጣጫ የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የድሬ ግድብ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አገልግሎት መስጠት ጀመሩ። ከዚህም በተጨማሪ በአቃቂና በለገዳዲ የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የከተማዋን ውሃ ይደግፋሉ።

ከግድብ የሚመጣው ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ወደ መስመር ይገባል። ይሁን እንጂ ውሃው ከጣቢያው እስከ ብርጭቆው ረጅም መንገድ ይጓዛል። በኮተቤ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጉራራና በሌሎች ከፍታ ባላቸው መንደሮች የሚኖሩ ነዋሪዎች በፈረቃ የሚለቀቅ ውሃን በሮቶ፣ በበርሜልና በጀሪካን ማጠራቀምን ለምደዋል። በዚህ ሂደት ውሃው ንጽሕናውን የሚያጣባቸው ሦስት ዋና ዋና ነጥቦች አሉ።

አንደኛው የውሃ መቋረጥ ነው። ውሃ በመስመሩ ውስጥ በግፊት ሲሄድ ቧንቧው ቢሰነጠቅ እንኳ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ከውጭ አይገባም። ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ስለሚጠፋ በስንጥቁ በኩል በዙሪያው ያለ ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ውሃው ሲመለስ በመጀመሪያ ደፍርሶ የሚወርደውም በቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመው ደለል ስለሚነቀል ነው።

ሁለተኛው ማጠራቀሚያው ነው። በውሃው ውስጥ የቀረው ክሎሪን በቆይታ፣ በሙቀትና ከደለል ጋር በመዋሐድ እየቀነሰ ይሄዳል። ለቀናት በቆየ ሮቶ ውስጥ ያለ ውሃ ከጣቢያው ሲወጣ የነበረውን መከላከያ ይዞ ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሦስተኛው የእኛው እጅ ነው። ከጀሪካን ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ ማሰሮ፣ ከዚያም ወደ በረዶ መሥሪያው በተገለበጠ ቁጥር ኩባያው፣ ጣቱና ክዳኑ ከውሃው ጋር ይነካካሉ።

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ካሉ ምንጮችና ወንዞች የሚቀዳ ውሃም ከተራራ ስለሚወርድ ብቻ ንጹሕ ነው ሊባል አይችልም። የቀበና ወንዝን ጨምሮ ከእንጦጦ የሚነሱ ጅረቶች ገና ከላይ ጀምሮ ሰውና እንስሳት የሚነካኳቸው ናቸው። ስለዚህ ማንኛውም ካልተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ውሃ ሳይታከም ለመጠጥም ሆነ ለበረዶ መዋል የለበትም።

ለበረዶ የሚሆነውን ውሃ አስቀድሞ ማከም

የተሻለው ዘዴ ማፍላት ነው። እዚህ ላይ የአካባቢያችን ከፍታ ልዩ ትኩረት ይሻል። ከባሕር ወለል አጠገብ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ የመፍያው ሙቀት ዝቅ ይላል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የእንጦጦ አናት ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ሙቀት ጀርሞችን ለመግደል በቂ ቢሆንም ጊዜ ይፈልጋል። በዝቅተኛ ቦታዎች ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ በቂ ሲሆን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አካባቢ ግን ሦስት ደቂቃ ሙሉ እየተንተከተከ እንዲቆይ ይመከራል። ከዚያም ክዳኑ ሳይነሣ እንዲቀዘቅዝ ማድረግና በራሱ በተፈላበት ዕቃ ወደ በረዶ መሥሪያው ማፍሰስ ተገቢ ነው።

ማገዶ ወይም ኤሌክትሪክ ለማፍላት የማይበቃ ከሆነ ክሎሪን መጠቀም ይቻላል። ለውሃ ማከሚያነት የተዘጋጁ እንደ ውሃ አጋር ያሉ ምርቶች በማሸጊያቸው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ ሊጨመሩ ይገባል። እነዚህ በማይገኙበት ጊዜ ሽታ፣ ቀለምና ሳሙና ያልተጨመረበት ተራ በረኪና መጠቀም ይቻላል። ክሎሪኑ 5 በመቶ ለሆነ በረኪና መጠኑ እንደሚከተለው ነው፦

• ለ1 ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ፤
• ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር፤ ይህም በመድኃኒት መስጫ ሲሪንጅ ሊለካ ይችላል፤
• ውሃው የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ አጥልሎ ወይም በንጹሕ ጨርቅ አጣርቶ የተጠቀሰውን መጠን እጥፍ ማድረግ።

ከዚያ በሚገባ አናውጦ 30 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ውሃው መጠነኛ የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል። ምንም ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን ደግሞ ጨምሮ ሌላ 15 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን 2.5 በመቶ ከሆነ የሚጨመረው እጥፍ ይሆናል። በረኪና በፀሐይና በቆይታ ኃይሉን ስለሚያጣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥና የተመረተበትን ቀን መመልከት አስፈላጊ ነው።

ሮቶው ሳይጸዳ በረዶ መሥሪያውን ማጽዳት

በረዶ መሥሪያ የቱንም ያህል ቢታጠብ የሚሞላው ከቆሸሸ ሮቶ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ጽዳቱ ከምንጩ ይጀምራል። ሮቶን ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ክረምት ከመግባቱ በፊትና ካለፈ በኋላ ማጠብ ይመከራል።

1. ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ መዝጋትና ያለውን ውሃ ለጽዳት አገልግሎት በማዋል መጨረስ።
2. የቀረውን ደለል አስወጥቶ ግድግዳውንና ወለሉን ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ በሳሙናና በውሃ መፈግፈግ። ሰው ወደ ትልቅ ሮቶ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በተለይ በረኪና በተጨመረበት የታፈነ ቦታ ውስጥ መግባት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። በጣሪያ ላይ ለተቀመጠ ሮቶም አስተማማኝ መሰላልና የሚረዳ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል።
3. ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅ።
4. ሮቶውን ሞልቶ በረኪና መጨመር። ክሎሪኑ 5 በመቶ ከሆነ ለ1,000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር፣ ለ500 ሊትር ግማሽ ሊትር፣ ለ200 ሊትር በርሜል 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል።
5. የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ድረስ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ በየተራ ከፍቶ መዝጋት፤ ከዚያም ቢያንስ 12 ሰዓት ማቆየት። በዚህ ጊዜ ውሃውን ማንም እንዳይጠጣ ለቤተሰቡና ለሠራተኛ ሁሉ አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። ከመስመሩ ጋር የተገናኘ በረዶ መሥሪያ ካለ መክፈቻው መዘጋት አለበት።
6. ውሃውን አፍስሶ፣ አለቅልቆና በአዲስ ውሃ ሞልቶ ክዳኑን በሚገባ መግጠም።

ጀሪካን ጠባብ አፍ ስላለው ውስጡን በእጅ ማጠብ አይቻልም። ጥቂት ውሃ፣ ሳሙናና የታጠበ ጠጠር ከትቶ በኃይል መነቅነቅ በግድግዳው ላይ የተለበደውን ቆሻሻ ያስለቅቃል። ከጸበል ቦታ ወደ ቤት ውሃ የሚመጣበት ጀሪካንም እንዲሁ ለዚያ ብቻ የተለየና ንጹሕ ሊሆን ይገባል፤ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ከቶ ለዚህ አይውልም።

በበረዶ መሥሪያ ውስጥ ምን ይጠራቀማል?

በበረዶ መሥሪያ ውስጥ በዋናነት ሦስት ነገሮች ይጠራቀማሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ማስለቀቂያ አላቸው።

ነጭ ቅርፊት፦ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጠኛ ክፍል ላይ የሚታየው ዓይነት ሲሆን በውሃው ውስጥ ከሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚመጣ ነው። በዓለት ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ስለሚያሟሟ የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው ከግድብ ውሃ ይልቅ ይህን ቅርፊት ይተዋል። ወደ አንድ ሰፈር የሚደርሰው ውሃ እንደየወቅቱ ከተለያየ ምንጭ ሊሆን ስለሚችል ማንቆርቆሪያውን መመልከት ጥሩ መለኪያ ነው፤ እርሱ ቶሎ የሚነጣ ከሆነ በረዶ መሥሪያውም እንዲሁ ነው። ቅርፊቱ በራሱ ጤና አይጎዳም፤ ነገር ግን ቀጫጭን ቧንቧዎችን ይዘጋል፣ ለጀርሞችም መደበቂያ ይሆናል። ማስለቀቂያው እንደ ሎሚና አቼቶ ያለ አሲድ ነው።

አንሸራታች ሽፋን፦ ተሕዋስያን በርጥብ ቦታ ላይ ተጣብቀው የሚሠሩት ባዮፊልም የሚባል ልጋግ መሰል ልባጭ ነው። በጣት ሲነካ ያሟልጫል፤ አንዳንዴም ሐምራዊ ወይም ቡናማ ቀለም ይኖረዋል። ክሎሪን ወደዚህ ሽፋን ውስጥ በቀላሉ ስለማይዘልቅ አስቀድሞ በሳሙናና በብሩሽ መፈግፈግ አለበት።

ሻጋታ፦ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ በክዳን ጠርዝ፣ በጎማና በውሃ መውረጃ ዙሪያ ይታያል። በሳሙና ታጥቦ በበረኪና ውህድ ይጸዳል።

በበረዶው መሐል የሚታየው ነጭ ጉም ግን ብዙ ሰዎችን ያለምክንያት ያሳስባል። ውሃ ከዳር ወደ መሐል ሲረጋ የያዘውን አየርና ማዕድን ወደ መሐል ስለሚገፋ የሚፈጠር ነው። በረዶው ሲቀልጥ ነጫጭ ብናኝ ቢቀርም ይኸው ማዕድን ነው። የሚያሳስበው መጥፎ ሽታ፣ ያልተለመደ ጣዕም፣ ቀለምና ልጋግ ነው። ይሁንና ጥርት ያለ በረዶም ጀርም ሊኖረው እንደሚችል መታወስ አለበት።

የጽዳቱ ቅደም ተከተል

ሀ. በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ የፕላስቲክ መደርደሪያ

ያለውን በረዶ ደፍቶ መደርደሪያውን በሞቀ ውሃና በሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብና ማለቅለቅ። ነጭ ቅርፊት ካለው በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ እንደገና ማለቅለቅ። ከዚያም በ4 ሊትር ውሃ ውስጥ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ 5 በመቶ በረኪና አዋሕዶ ለሁለት ደቂቃ መንከርና በፎጣ ሳይጠረግ በአየር እንዲደርቅ ማድረግ። የወጥ ቤት ፎጣ ራሱ ጀርም ስለሚይዝ በእርሱ መጥረግ ሥራውን ያበላሻል። የተሰነጠቀ ወይም የተቧጨረ መደርደሪያ በሚገባ ስለማይጸዳ መለወጥ አለበት። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ በመጠን 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር እስከ አፉ መሙላት ተገቢ አይደለም።

ለ. ከቧንቧ ጋር የተገናኘ በረዶ መሥሪያ ያለው ማቀዝቀዣ

ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቅሎ የውሃ መክፈቻውን መዝጋት፤ የበረዶ መያዣውን አውጥቶ በረዶውን መድፋትና መያዣውን ከላይ በተገለጸው መንገድ ማጠብ። መያዣው በፍጹም ሳይደርቅ ከተመለሰ አዲሱ በረዶ ይጣበቅበታል። የማጣሪያ ካርትሪጁን በአምራቹ መመሪያ መሠረት፣ በአብዛኛው በየስድስት ወሩ መለወጥ ያስፈልጋል። የከሰል ማጣሪያ ሽታና ጣዕም ያስወግዳል፤ ጀርሞችን ግን አስወግዳለሁ ብሎ አያስተማምንም። እንዲያውም ክሎሪኑን ስለሚያስቀር ጊዜው ያለፈበት ማጣሪያ ራሱ የጀርም መራቢያ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ከተለወጠ በኋላ የሚሠሩትን የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ዙር በረዶዎች መድፋት ይገባል።

ሐ. በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ማሽን

ይህ ማሽን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ውሃው በታችኛው ገንዳ ይቀመጣል፤ የቀዘቀዙ የብረት ጣቶች ወደ ውሃው ይጠልቁና በዙሪያቸው በረዶ ይረጋል፤ በረዶው በቅርጫት ይጠራቀማል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ቅርጫቱ የሚቀዘቅዝ ስላልሆነ በረዶው ቀስ በቀስ ቀልጦ ወደዚያው ገንዳ ይመለሳልና እንደገና በረዶ ይሆናል። በመሆኑም አንድ ሰው ባልታጠበ እጅ በረዶ ቢያነሣ እጁ ላይ ያለው ቆሻሻ በቀልጦው ውሃ ወደ ገንዳው ወርዶ በቀጣዩ በረዶ ሁሉ ይዳረሳል። ጽዳቱ እንዲህ ነው፦

1. ማሽኑን አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል፤ በረዶውን መድፋት፤ የታችኛውን መውረጃ ከፍቶ ውሃውን ማስወጣት። ማሽኑን መገልበጥ መጭመቂያውን ስለሚጎዳ መውረጃውን ብቻ መጠቀም ይገባል።
2. ቅርጫቱንና ማንሻውን አውጥቶ በሳሙና ማጠብ፤ የገንዳውን ግድግዳ፣ ጥጋጥጉንና የብረት ጣቶቹን በሳሙና በራሰ ለስላሳ ስፖንጅ መጥረግና ማለቅለቅ። የሽቦ መፈግፈጊያ መጠቀም የተከለከለ ነው።
3. ለነጭ ቅርፊት አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ ወይም የተጣራ የሎሚ ጭማቂ በዐሥር ኩባያ ውሃ አዋሕዶ ወደ ገንዳው መጨመር፤ ማሽኑን ለጥቂት ዙር ማሠራት፤ የወጣውን በረዶና የቀረውን ውሃ መድፋት።
4. በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ።
5. የአምራቹ መመሪያ የማይከለክል ከሆነ ገንዳውን በላይኛው የበረኪና ውህድ ለሁለት ደቂቃ ያህል ማርጠብ፣ አስወጥቶም በታከመ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ።
6. የታከመ ውሃ ሞልቶ ማሠራትና የመጀመሪያውን ዙር በረዶ መድፋት።
7. ማሽኑ ለተወሰኑ ቀናት የማይሠራ ከሆነ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ ማድረቅ።

ጥብቅ ማሳሰቢያ

በረኪናና አቼቶ፣ በረኪናና ሎሚ ወይም በረኪናና ሌላ የጽዳት ኬሚካል በአንድ ጊዜ መቀላቀል የለባቸውም። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙም ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል፤ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ በአቼቶው ደረጃና በበረኪናው ደረጃ መካከል የሚደረገው ማለቅለቅ በፍጹም ሊዘለል አይገባም። በስሕተት ከተቀላቀለ ወዲያውኑ ከክፍሉ ወጥቶ በርና መስኮት እንዲከፈት ማድረግና የመተንፈስ ችግር ካለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በረኪናን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አለማስቀመጥም ብዙ ሕፃናትን ከአደጋ ያድናል።

መብራትና ውሃ ሲቋረጥ

መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን በር አለመክፈት ተገቢ ነው። በሩ ካልተከፈተ የማቀዝቀዣው ክፍል ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል፣ ሙሉ የሆነ የበረዶ ክፍል ለ48 ሰዓት፣ በግማሽ የተሞላው ለ24 ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ቤተሰቡ በሌለበት መብራት ጠፍቶ መመለሱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በኩባያ ውሃ አርግቶ በላዩ አንድ ሳንቲም ማስቀመጥ ነው። ሳንቲሙ ከላይ ካለ ችግር የለም፤ ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነውና በክፍሉ የነበረ ሥጋና በረዶ በጥርጣሬ መታየት አለበት። እርስ በርሱ የተጣበቀ በረዶም ተመሳሳይ ምልክት ነው። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ለጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ መሰካት መጭመቂያውን ከጉዳት ያድናል።

ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ ከቧንቧ የሚሞላውን በረዶ መሥሪያ መክፈቻ መዝጋት ይገባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ ሌላ ቧንቧ ከፍቶ ድፍርሱ እስኪያልፍ በባልዲ መቀበልና ለመጸዳጃ ቤት ማዋል፤ ጥርት ሲል ብቻ ወደ በረዶ መሥሪያው መልቀቅ፤ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ዙሮች መድፋት ይመከራል።

የዕለት ተዕለት አያያዝ

• በረዶ በእጅ ወይም በብርጭቆ አይቀዳም። ብርጭቆ ቢሰበር ስባሪው ከበረዶው አይለይም። እጀታ ያለው ንጹሕ ማንኪያ ተለይቶ ሊቀመጥና ከበረዶው ውጭ ሊቆይ ይገባል።
• በበዓላት ሰሞን ማቀዝቀዣው በሥጋና በዶሮ ይሞላል። ጥሬ ሥጋ በሚገባ ታሽጎ ከታች፣ በረዶ ክዳን ባለው ዕቃ ከላይ ሊቀመጥ ይገባል። ከሥጋ የሚንጠባጠብ ውሃ የነካው በረዶ መደፋት አለበት።
• የበረዶ ክፍሉ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ የማቀዝቀዣው ክፍል ከ4 ዲግሪ ያልበለጠ ሊሆን ይገባል።
• ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው በረዶም ሆነ ምግብ ለሌሎች ማዘጋጀት የለበትም።
• ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት የእናት ጡት ወተት ብቻ ይሰጣል፤ ውሃም ሆነ በረዶ አይሰጣቸውም።

የጽዳት መርሐ ግብር

• በየቀኑ፦ በጠረጴዛ ላይ ያለውን ማሽን ውሃ መለወጥ፣ የበረዶ ማንሻውን ማጠብ።
• በየሳምንቱ፦ መደርደሪያውን፣ ገንዳውንና ቅርጫቱን በሳሙና ማጠብ።
• በየወሩ፦ ቅርፊት ማስለቀቅና በበረኪና ውህድ ማጽዳት፤ የበረዶ መያዣውን ባዶ አድርጎ ማጠብ፤ የበሩን ጎማ መጥረግ።
• በየስድስት ወሩ፦ ማጣሪያ መለወጥ፣ ሮቶ ማጠብ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያለውን አቧራ ማጽዳት።

ቅርፊት ቶሎ በሚጠራቀምበት ቤት ወይም የኮሌራ ወረርሽኝ ባለበት ወቅት ይህን ጊዜ ማሳጠር ያስፈልጋል። በረዶ ጨምረው ጭማቂና መጠጥ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ብዙ ሰው ስለሚያስተናግዱ ከዚህ ባነሰ ሊያጸዱ አይገባም።

ሕመም ሲከሰት

በረዶ ወይም ቀዝቃዛ መጠጥ ከተወሰደ በኋላ ተቅማጥና ትውከት ቢጀምር ቀዳሚው አደጋ የሰውነት ፈሳሽ መሟጠጥ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) በታከመ ውሃ በጥብጦ በማሸጊያው ላይ በተመለከተው መሠረት ወዲያውኑ መስጠት መጀመር፤ ጡት የሚጠባ ሕፃንንም ማጥባት አለማቋረጥ ያስፈልጋል። የሩዝ ውሃ የሚመስል ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ የዓይን መጎድጎድ፣ የሽንት መቀነስ ወይም ራስን መሳት ከታየ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የኮሌራ ሕመምተኛ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ስለሚችል እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ተጨማሪ መረጃ ለማግኘትም ሆነ በአካባቢ የተከሰተን ያልተለመደ ሕመም ለማሳወቅ በነፃ የስልክ መስመሮች 952 እና 8335 መደወል ይቻላል።

ማጠቃለያ

ንጹሕ በረዶ የሚገኘው ውድ ማሽን በመግዛት ሳይሆን የታከመ ውሃን፣ የታጠበ ዕቃንና ንጹሕ እጅን በአንድነት በመጠበቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ከንቱ ይሆናሉ። የበረዶ መደርደሪያን ለማጠብ የሚያስፈልገው ጥቂት ሳሙና፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ማንኪያ በረኪናና የግማሽ ሰዓት ጊዜ ነው። መቼ እንደታጠበ በወረቀት ጽፎ በማቀዝቀዣው በር ላይ መለጠፍና ከቤተሰቡ አንድ ኃላፊ መመደብ ሥራው እንዳይረሳ ያግዛል። መቼ እንደታጠበ የማይታወቅ በረዶ መሥሪያ ካለ በውስጡ ያለውን በረዶ ዛሬውኑ መድፋትና ጽዳቱን መጀመር ይገባል።